የትንሽ አገር የውጭ ጉዳይ፤ የጅማ አባ ጅፋር የዓመት ሥራና ዋጋው

(በአሰንዳቦ ለተሰበሰቡ መምህራንና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)




ስለ ውጭ ጉዳይ ነገር ሲነሣ የሁላችንም ሐሳብ ወዲያው ወደ ኒው ዮርክ፥ ወደ ጄኔቭ፥ ወይም በአዲስ አበባ ወደሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ ይበራል። የውጭ ጉዳይ ሥራ ማለት በመኪናቸው ላይ ባንዲራ የሚያውለበልቡ ሰዎች በረዥም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚፈራረሙት ነገር ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ዛሬ የተሰበሰብንባት አሰንዳቦ ከመቶ ዓመት በፊት የራሷ ንጉሥ፥ የራሷ ኬላ፥ የራሷም መልእክተኞች በነበሯት በአንዲት ትንሽ መንግሥት ግዛት ውስጥ ነበረች። ይህች መንግሥት ጅማ አባ ጅፋር ናት። ከጊቤ ማዶ ካሉት ኀያላን ጋር ዓመት በገባ ቊጥር መነጋገር፥ መስጠት፥ መቀበልና መጠበቅ ነበረባት። ይህም ሥራ በሙሉ ትርጕሙ የውጭ ጉዳይ ሥራ ነው።

እኛም በዚህ ንግግር ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ነው። አንዲት ትንሽ አገር በታላላቆች መካከል ሳትጠፋ ለመኖር በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ምን ትሠራለች? ለዚህስ የሚከፈለውን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? በተማሪዎች መካከል ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር በሚደረገው ክርክር አንዱ ወገን «ጥበበኛ ነበሩ» ይላል፤ ሌላው ወገን «እጃቸውን ሰጡ» ይላል። ሁለቱም ወገን ቤተ መንግሥቱን ብቻ እየተመለከተ የሚናገር ይመስለናል። ስለዚህ ነገሩን ከቤተ መንግሥቱ በር ወጣ ብለን እንድናየው እንለምናችኋለን።

በመጀመሪያ ስለ አገሪቱ ጥቂት እንበል። በ19ኛው ምእት ዓመት በጊቤ ወንዝ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፥ ጅማ፥ ጎማ፥ ጉማና ጌራ ናቸው። በደቡብ በኩል ጥንታዊቱ ከፋ ነበረች፤ ኩሎም፥ ዛሬ ዳውሮ የምንለው፥ በጎረቤትነት ይገኝ ነበር። እነዚህ አገሮች አንዳንድ ጊዜ ይዋጋሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ይጋባሉ፤ ሁልጊዜ ግን ይነጋገዳሉ። በጅማና በጎረቤቶቿ መካከል ሞጋ የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ነበር። በመንገዱም ላይ ኬላ ቆሞ ገቢውንና ወጪውን ጠባቂዎች ይቈጣጠሩ ነበር። ከንጉሥ ወደ ንጉሥ የሚላኩት መልእክተኞች ላሚ ይባላሉ፤ ላሚ የሆነ ሰው በጠላት አገር እንኳ ቢገኝ እንዳይነካ ልማዱ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ወሰን፥ ኬላና የማይደፈር መልእክተኛ ካለ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚል ሰሌዳ በበሩ ላይ ባይሰቀልም ሥራው ነበረ ማለት ነው። ዲፕሎማሲ ከአውሮፓ በመርከብ ተጭኖ የመጣልን ዕቃ አይደለም።

የንግዱም መስመር እንዲሁ ረዥም ነበር። የእናርያና የጅማ ዕቃ ጊቤን ከተሻገረ በኋላ በጉድሩ አድርጎ፥ ዓባይን ተሻግሮ፥ በጎጃምና በጎንደር በኩል እስከ ምጥዋ ይደርስ ነበር። በዚያው በጉድሩ በዘመኑ ታላቅ ገበያ የነበረችው ቦታም ስሟ አሰንዳቦ ነው። ይህች የእኛ አሰንዳቦ ሞክሼ፥ ነጋዴው ከደቡብ ያመጣውን ቡናና የዝሆን ጥርስ ከሰሜን ከመጣው ዕቃ ጋር የሚለውጥባት ነበረች። ታሪክ ሲያነቡ ሁለቱን የሚያደባልቁ ብዙዎች ስለ ሆኑ መለየቱ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ፈተናው ዘመን እንምጣ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በነገሡ ጊዜ፥ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1878፥ ከሰሜን ሁለት ኀይሎች ወደ ጊቤ ይመለከቱ ነበር። አንዱ ጎጃም፥ ሁለተኛው ሸዋ ነው። ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት ብለው ያነገሡት «የጎጃምና የከፋ ንጉሥ» በሚል ማዕርግ ነበር። ከፋ ግን በዚያን ጊዜ ገና በራሷ ንጉሥ የምትተዳደር አገር ነበረች። ይህ ነገር ለትንንሽ አገሮች ሁሉ ትምህርት ይሆናል፤ ሩቅ ያሉ ኀያላን አንዳቸው ለሌላው ሲሰጣጡ የሚሰጠው አገር አልተጠየቀም። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ሸዋና ጎጃም ተዋጉ፤ ንጉሥ ምኒልክና ራስ ጎበና ድል አደረጉ። ከዚያ በኋላ የጊቤ አገሮች ዕድል የሚወሰነው ከሸዋ ጋር በሚያደርጉት ነገር ሆነ።

አባ ጅፋር በዚህ ጊዜ ያደረጉት ምርጫ የታወቀ ነው። እናታቸው ገኔ ጉሚቲ መዋጋት አገሪቱን እንደሚያጠፋ መክረዋቸው ለምኒልክ በሰላም ገበሩ። ጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ እንዲያደርጉ መከሩ፤ ነገር ግን ምክራቸውን የተቀበለ እምብዛም አልነበረም። ጉማ ተዋጋች፥ ተወጋችም። ጅማ ግን ንጉሥዋን፥ ሃይማኖቷን፥ ዳኝነቷንና ገበያዋን ይዛ ቀረች። በምላሹም በየዓመቱ ቁርጥ ግብር ትልካለች። የለቃ ነቀምቴው ኩምሳ ሞረዳና የቤኒሻንጉሉ ሼህ ሆጀሌም በተመሳሳይ መንገድ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው የቆዩ ናቸው። ስለዚህ የጅማ ነገር የአንድ ሰው ብልሃት ብቻ ሳይሆን በዘመኑ የነበረ አንድ ዐይነት ውል ነበር።

ውሉ በዓመት የሚታደስ ስለ ሆነ ሥራውም በዓመቱ ወራት የተከፋፈለ ነበር። በክረምት ጊቤ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል፤ ኀያሉም ደካማውም በየቤቱ ይቀመጣል። ትንሿ አገር ትልቅ እፎይታ የምታገኘው በዝናቡ ወራት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድልና ጭቃው ሲደርቅ ግን ሦስት ሥራዎች ተከታትለው ይመጣሉ። እነርሱም ግብሩን ማድረስ፥ ገበያውን መጠበቅና በዘመቻ መታዘዝ ናቸው።

የመጀመሪያው ግብር ነው። ወደ ሸዋ ከሚሄደው ውስጥ የዝሆን ጥርስ፥ ማር፥ ጥሬ ብርና ባሪያ ይገኙበታል። ግብር ሲደርስ የሚላከው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ወሬም አብሮ ይሄዳል፥ ወሬም አብሮ ይመለሳል። ግብር አድራሹ የቤተ መንግሥቱን ሁኔታ ያያል፤ ማን እንደ ተሾመ፥ ማን እንደ ተሻረ፥ የትኛው መኰንን ጅማን እንደሚመኝ ይሰማል። ለአንዲት ትንሽ አገር ይህን ማወቅ እንደ ጦር መሣሪያ ይቈጠራል። ግብሩ በቀኑ ከደረሰ አገሪቱን ለመውጋት ሰበብ የሚፈልግ ሰው ሰበብ ያጣል፤ ከዘገየ ግን ሰበቡን ራሷ ሰጠች ማለት ነው። ዲፕሎማሲ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ በቀጠሮ መገኘት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ገበያ ነው። በጅሬን ኮረብታ ሥር የነበረው የሂርማታ ገበያ፥ የዛሬዋ ጅማ ከተማ የበቀለችበት ቦታ፥ በዘመኑ በደቡብ ምዕራብ ከታወቁት ገበያዎች ሁሉ የበለጠ ነበር። ከሸዋ፥ ከጎጃም፥ ከከፋና ከወላይታ የሚመጣ ነጋዴ እዚያ ይገናኛል። ነጋዴ በሰላም ገብቶ በሰላም እንዲወጣ ማድረግ ለጅማ የገቢ ምንጭ ብቻ አልነበረም፤ መከታም ነበር። የሚገዛ የሚሸጥባት አገር ብትፈርስ የሚከስረው እርሷ ብቻ አይደለችምና። ብዙ ሰው የሚጠቀምባትን አገር ለማፍረስ የሚደፍር ሰው ቊጥሩ ያንሳል። በሃይማኖትም በኩል እንዲሁ ነው። ጅማ የእስልምና ትምህርት ማእከል በመሆኗ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሊቃውንት ይኖሩባት ነበር፤ ንጉሡም በመካ ለሐጃጆች ማረፊያ ቤት እንዳዘጋጁ ይተረካል። እንደ ሩሲያዊው መኰንን ቡላቶቪች ያሉ የውጭ አገር መንገደኞችም ጅሬንን አይተው በመጽሐፍ ጽፈዋል። በየአቅጣጫው ወዳጅ ማብዛት፥ በአንድ በር ብቻ አለመታየት፥ ይህ የትንሽ አገር ጥበብ ነው።

ሦስተኛው ሥራ ዘመቻ ነው፤ ነገሩም እዚህ ላይ ይከብዳል። ጅማ ከውጊያ የዳነች አገር ብትሆንም ከጦርነት ግን አልዳነችም። ለሸዋ የገበረ ሰው ሸዋ ሲዘምት መዝመት ነበረበትና የአባ ጅፋር ጦር በ1881 ዓ.ም. በኩሎ ላይ፥ በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ላይ፥ በ1889 ዓ.ም. በከፋ ላይ አብሮ ዘመተ። የወላይታው ንጉሥ ጦና ተማረኩ። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተይዘው ወደ ሸዋ ተወሰዱ፤ አገራቸውንም ዳግመኛ ሳያዩ በግዞት ሞቱ። ትናንት «እንደ እኔ ገብሩና ዳኑ» የሚል ምክር ይልኩ የነበሩት ጎረቤት በማግሥቱ ጦር ይዘው መጡ። እኛ ይህን የምንናገረው ለመውቀስ ብለን አይደለም፤ ውሉ ራሱ ምን እንደሚያስከትል ለማሳየት ነው። ከኀያል ጋር ለብቻ የተደረገ ሰላም አንዳንድ ጊዜ በጎረቤት ላይ የሚዘምት ሰላም ይሆናል።

አሁን ሒሳቡን እንተሳሰብ። በመልካሙ በኩል ሲታይ ጅማ ኀምሳ ዓመት ያኽል የራሷን አስተዳደር ጠብቃ ቆይታለች። ቤቷ አልተቃጠለም፤ ሕዝቧ በየጫካው አልተበተነም፤ ቡናዋ፥ ገበያዋና ትምህርቷ አድገዋል። በዓለም ታሪክም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። ዛሬ ታይላንድ የምትባለው ሲያም በእንግሊዝና በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች መካከል ተይዛ ሳለ በ1855 ከእንግሊዝ ጋር እኩልነት የሌለው ውል ተዋዋለች። በ1893 ላኦስን ለፈረንሳይ ለቀቀች፤ በ1909 አራት የማላይ አውራጃዎችን ለእንግሊዝ ሰጠች፤ እንዲህ እያደረገችም መካከለኛውን አገሯን አዳነች። (እነዚህ ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የሲያምን ነገሥታት ብልሆች ናቸው ብለን የምናደንቅ ከሆነ አባ ጅፋርንም በዚያው ሚዛን መመዘን ይገባናል።

ይሁን እንጂ ሚዛን ሁለት ጐን አለው። «ቀን እስኪያልፍ ያባትህ ባሪያ ይግዛህ» የሚል የቆየ ተረት አለን። ትዕግሥትን ለማስተማር የተነገረ ነው። ነገር ግን በዚህ ተረት ውስጥ ቀኑ እስኪያልፍ የሚጠብቀው ጌታው ነው፤ ባሪያውን ማንም አልጠየቀውም። የጅማም ውል እንደዚሁ ነው። ግብሩን የሚልከው ንጉሡ ቢሆንም የሚከፍለው ንጉሡ አልነበረም። ማሩን ቆርጦ የሚያመጣው ገበሬ ነው። ከዝሆን ጋር የሚታገለው አዳኝ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሱ የግብሩ ዕቃ ሆኖ የሚሄደው ባሪያ ነው። የሂርማታ ገበያ በቡናና በጨው ብቻ አልታወቀም፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ብዙውም ከዘመቻና ከወረራ የመጣ የጎረቤት አገር ልጅ ነው። ለዚህ ሰው «ጅማ በሰላም ዳነች» ብንለው ምን ይመልስልናል? ቤተ መንግሥቱ መዳኑ እውነት ነው፤ ሁሉም ሰው ዳነ ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ «ጥበበኛ» እና «እጅ ሰጪ» የሚሉት ሁለት ቃሎች ሁለቱም አይበቁም እንላለን። የትንሽ አገርን የውጭ ጉዳይ ለመመዘን የሚያስፈልገው ጥያቄ፥ «ምን ተረፈ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ማን ከፈለ?» የሚለው ጭምር ነው።

ሁለተኛም የውሉን ደካማ ጐን እንመልከት። ውሉ የተደረገው በሁለት ሰዎች መካከል ነበር። ምኒልክ ቃላቸውን የሚጠብቁት አባ ጅፋርን ስለሚያውቁና ግብሩም ስለሚጠቅማቸው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ። አባ ጅፋርም አረጁ፥ ደከሙ፤ አስተዳደሩም ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ አባ ጆቢር አለፈ። በአዲስ አበባ ደግሞ አውራጃዎችን ሁሉ በአንድ ሥርዓት ሊያስተዳድር የሚፈልግ አዲስ መንግሥት ተነሣ። በ1924 ዓ.ም. የጅማ የተለየ አስተዳደር ቀረ፤ አባ ጆቢርም ታሠሩ። ኀምሳ ዓመት የጸናው ነገር በአጭር ጊዜ አለቀ። በሰው ቃል ላይ የቆመ ውል ሰውየው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

እዚህ ላይ ታሪክ ራሱ የሚያስገርም ነገር ያሳየናል። በጅማ ዘንድ ኀያል የነበረው የአዲስ አበባ መንግሥት በዓለም ዘንድ ትንሽ አገር ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር የገባችው የባሪያ ንግድን ልታጠፋ ቃል ገብታ ነው። የማኅበሩም ውል አባል የሆነ አገር ቢወረር ሌሎቹ ይረዱታል ይል ነበር። የጅማ አስተዳደር ከቀረ አራት ዓመት ሳይሞላ ጣልያን ወረረ። ዓፄ ኀይለ ሥላሴ በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው ስለ ተጣሰው ውል ተናገሩ፤ ማኅበሩ ግን በጣልያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ ብዙም ሳይቆይ አነሣ። ጅማም የጣልያን አገዛዝ የደቡብ ምዕራብ ዋና ከተማ ሆነች። እንግዲህ የትንሽ አገር ችግር የጅማ ብቻ አልነበረም። ትልቅ ነኝ የሚል ሁሉ ከእርሱ የሚበልጥ በመጣ ቀን ትንሽ ይሆናል። በደካማ ጎረቤቱ ላይ ውል ማፍረስን ልማድ ያደረገ፥ በራሱ ላይ በፈረሰ ጊዜ የሚሰማው አያገኝም።

ወደ ዘመናችንም ስንመጣ ነገሩ መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። የዚህ አገር የዛሬ መልእክተኛ የቡና ጆንያ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1962 የዓለም የቡና ስምምነት ሲደረግ ለአምራች አገሮች ኮታ ተወስኖ ዋጋው እንዳይወድቅ ተሞክሮ ነበር። ይህም የኮታ ሥርዓት በ1989 ፈረሰ፤ ዋጋውም ወደቀ። የፈረሰው የቡና ገበሬ ስላጠፋ አይደለም፤ ታላላቆቹ በኮታው መጠን መስማማት ስላልቻሉ፥ ለስምምነቱም የነበራቸው ፍላጎት ስለ ቀዘቀዘ ነው። አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ደንብ አለ። በዚህ ደንብ መሠረት ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ መሬት የመጣ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ አይገባም። ቡናው የበቀለበትም ማሳ በካርታ ነጥብ መታወቅ አለበት። የሥራ መጀመሪያው ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተላልፏል። ደን መጠበቁ መልካም ነው፤ እኛም የደን ልጆች ነን። ነገር ግን በጥላ ሥር ግማሽ ሄክታር ቡና ያለው ገበሬ ማሳው መለካት እንዳለበት፥ ለምን እንደሚለካና ካልተለካ ምን እንደሚደርስበት የሚነግረው ማን ነው? ብራስልስ የተጻፈ ውል የሚከፈለው እዚህ በጊቤ ዳር ነው።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አጭር ነው። ትንሽ አገር በየአቅጣጫው ወዳጅ ታብዛ፤ በቀጠሮዋ ትገኝ፤ ለብቻዋ ከመዳን ይልቅ ከጎረቤቶቿ ጋር አብራ ለመዳን ትሞክር። የጊቤ መንግሥታት አንድነት ቢኖራቸው ኖሮ ታሪኩ ምን ይሆን እንደ ነበር መናገር አንችልም፤ ለየብቻ በመቆማቸው ግን አንዱ ሌላውን ለመውጋት እንደ ተጠራ አይተናል። ከሁሉም በላይ ግን የሚከፍለው ሰው ውሉን ይወቅ። የማይታወቅ ውል የሚጸናው የተዋዋሉት እስካሉ ብቻ ነው፤ ሕዝብ ያወቀውን ውል ግን ሕዝብ ይጠብቀዋል፤ ሲፈርስም ፈረሰ ብሎ ይጮኻል።

ለእናንተ ለአሰንዳቦ ተማሪዎችና መምህራን ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ የጅሬን ቤተ መንግሥት ዛሬም በኮረብታው ላይ ቆሟል፤ ጐብኝዎችም ይመጡለታል። የግብር ከፋዩ፥ የአዳኙና የባሪያው ቤት ግን አልቆመም። የእነርሱ ታሪክ ያለው በሽማግሌዎችና በአሮጊቶች አፍ ላይ ነው። ማን ምን ይከፍል እንደ ነበር፥ ኬላው የት እንደ ነበር፥ ሞጋው የት ላይ እንደሚያልፍ፥ ከየት ተይዞ የመጣ ሰው በየትኛው ቤት እንደ ኖረ ጠይቁ፥ ጻፉ። የሚያሳፍር ነገር ብታገኙም አትዝለሉት። መምህራኖቻችንም ይህን እንደ ትምህርት ሥራ ቈጥረው እንዲመሩት እንለምናለን። ሁለተኛ፥ ፊደል የቈጠራችሁ ሁሉ ስለ ቡና የሚወጣውን ደንብ አንብባችሁ በቋንቋችሁ ለአባቶቻችሁና ለእናቶቻችሁ አስረዱ። ላሚ ለመሆን የሐር ካባ አያስፈልግም። በሁለት ወገን መካከል ቆሞ ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚናገር ሰው ሁሉ ላሚ ነው።

 ባልተስማማችሁበት ነገር ተነሥታችሁ እንድትከራከሩን እንጠብቃለን።